መልእክትን ሁሉ እኩል ስለ ማድረስ በአሜሪካ የተደረገው ክርክር

በኤውሮጳውያን አቆጣጠር በ1934፣ ይኸውም ከዚህ በታች የሚነሡት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የሚነገሩ ናቸው፣ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የኮሙኒኬሽን ዐዋጅ የተባለውን ሕግ በፈረሙ ጊዜ፣ በአሜሪካ ምድር ያሉ የቴሌግራፍና የስልክ ኩባንያዎች በዚያው ዐዋጅ ለተቋቋመው ለፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ተገዢዎች ሆኑ። የዐዋጁ ሁለተኛ ክፍል የሚያዝዘው ነገር በባቡርና በመርከብ ላይ ከሚሠራው ከጥንቱ የአጓዦች ሕግ የተወሰደ ሲሆን፣ ፍሬ ነገሩም ለሕዝብ አገልግሎት የቆመ አጓዥ ዋጋውን የከፈለውን ሰው ሁሉ፣ ባለጸጋውን ከድኻው፣ ወዳጁን ከባላንጣው ሳይለይ፣ በተገቢ ዋጋና ያለ አድልዎ ያገለግል ዘንድ ግዴታ አለበት የሚል ነው። የስልክ ኩባንያው በሽቦው ላይ የሚያልፈውን ቃል መርምሮ ይህኛው ይለፍ፣ ያኛው ይዘግይ ለማለት ሥልጣን አልተሰጠውም።

ሽቦው ግን የኩባንያው ንብረት ነበርና፣ ባለንብረቱ በሽቦው ጫፍ ላይ እስከ ምን ድረስ ሊያዝዝ ይችላል የሚለው ጥያቄ ብዙ ዘመን አከራክሯል። ከክርክሮቹም አንዱ፣ ዛሬ ሲነገር ቀልድ የሚመስለው፣ ሃሽ ኤ ፎን ስለ ተባለች አንዲት ጽዋ መሰል መሣሪያ የተነሣው ነው። ይህች መሣሪያ በስልኩ መናገሪያ ላይ ስትገጠም የተናጋሪውን ድምፅ በአጠገቡ ያለ ሰው እንዳይሰማው ከማፈን በቀር ሌላ ተግባር አልነበራትም፤ ሆኖም የአገሩን ስልክ ከሞላ ጎደል ጠቅልሎ የያዘው ኤ ቲ ኤንድ ቲ የእኔ ያልሆነ ዕቃ በስልኬ ላይ አይገጠምም ብሎ ከለከለ፤ ኮሚሽኑም ለኩባንያው ፈረደለት። በ1956 የዋሺንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይህን ፍርድ ሽሮ፣ ሰው ሌላውን ሳይጎዳ በስልኩ እንደሚበጀው ቢጠቀም ኩባንያው ሊከለክለው አይገባም ሲል በየነ። ከ12 ዓመት በኋላ ኮሚሽኑ ራሱ ይህን ፈለግ ተከትሎ፣ አንድ የቴክሳስ ሰው የሬዲዮ መነጋገሪያን ከስልክ መስመር ጋር ያያያዘበትን ካርተርፎን የተባለ መሣሪያ ፈቀደ፤ በዚያ በተከፈተው በርም ፋክስና ኮምፒዩተርን በስልክ የሚያነጋግረው ሞደም ተከታትለው ገቡ። የኢንተርኔትን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ከጦር ኀይሉ ምርምርና ከዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት መጀመራቸው የተገባ ነው፤ እኔ ግን ያቺ ጽዋ የሚገባትን ክብር አላገኘችም እላለሁ።

ኮምፒዩተሮች በስልክ ሽቦ መነጋገር ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ ኮሚሽኑ አዲስ ጭንቅ ገጠመው፤ አጓዥና ተጓዥ፣ ሽቦና ሥራ እየተቀላቀሉበት ሄዱ። ስለዚህም በ1980 ባወጣው ውሳኔ ነገሩን ከሁለት ከፍሎ፣ መልእክትን እንዳለ ከቦታ ወደ ቦታ ማድረስ ብቻ የሆነውን መሠረታዊ አገልግሎት ብሎ በአጓዦች ሕግ ሥር አኖረው፤ መልእክቱን የሚያከማች፣ የሚያሰላና የሚለውጥ የኮምፒዩተር ሥራ የተጨመረበትን ደግሞ የዳበረ አገልግሎት ብሎ ከሕጉ ነጻ አወጣው። ክፍፍሉ ለጊዜው መልካም ሆኖ ሠራ። በዚያ ዘመን ወደ ኢንተርኔት ለመግባት የፈለገ ሰው በስልክ ደውሎ ይገባ ስለ ነበር፣ የስልክ ኩባንያውም ማንኛውንም ጥሪ ለማገናኘት በሕግ ስለ ተገደደ፣ ትንሹም ትልቁም ኢንተርኔት አቅራቢ በዚያው አንድ ሽቦ ላይ ደንበኛ ሊያገኝ ይችል ነበር።

የአሜሪካ ሕግ አውጪዎች ስለ ኢንተርኔት በጉባኤ በሰፊው መነጋገር የጀመሩት በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ አጀማመራቸውም ሊተረክ የሚገባው ነው። በ1995 የነብራስካው ሴናተር ጄምስ ኤክሰን ከኢንተርኔት የተለቀሙ የብልግና ሥዕሎችን በወረቀት አሳትመው፣ በአንድ ሰማያዊ ማኅደር አድርገው ወደ ሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ይዘው ገቡ፤ የተከበሩት ባልደረቦቻቸውም አንድ አንድ እያሉ ወደ ጠረጴዛው ቀርበው ማኅደሩን ገለጡ፤ ገልጠውም ደነገጡ፤ ከድንጋጤያቸውም በኋላ ጸያፍ ነገር በኢንተርኔት የሚያሰራጨውን የሚቀጣውን የኤክሰንን አንቀጽ በ84 ድምፅ ለ16 አሳለፉት። ከእነዚያ አዛውንት መካከል ኢንተርኔትን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በወረቀት ታትሞ፣ በማኅደር ታስሮ የነበሩ ጥቂቶች እንዳልሆኑ እገምታለሁ። በዚያው ዓመት ደግሞ ኮንግረሱ ወጪ ለመቀነስ ሲል፣ በ1972 ለራሱ ያቋቋመውንና ስለ ሳይንስና ስለ ቴክኒክ ጉዳይ 750 ያህል ጥናቶችን ያቀረበለትን የቴክኖሎጂ ምዘና ቢሮ ዘጋ። የቢሮው ዓመታዊ በጀት 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ይህም በዚያ አገር የመንግሥት ወጪ ፊት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የሚያስረዳቸውን ሰው ባሰናበቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው እንግዲህ ትልቁን ሕግ ያወጡት።

ትልቁ ሕግ የተባለው የ1996ቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ዐዋጅ ነው። በእንደራሴዎች ምክር ቤት በ414 ድምፅ ለ16፣ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በ91 ድምፅ ለ5 አልፎ፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን በኮንግረሱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በታላቅ ሥነ ሥርዐት ፈረሙት። የኤክሰን አንቀጽ በውስጡ ነበረበት፤ በሚከተለው ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመናገርን ነጻነት ይጥሳል ብሎ ሻረው። ክርክሩ ሁሉ በዚያ አንቀጽና በስልክ ኩባንያዎች የገበያ ድርሻ ላይ ሲያልቅ፣ ማንም ብዙ ያላሰበባቸው ሁለት ትርጓሜዎች በጸጥታ ገቡ፤ አንዱ የቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎት ሲባል፣ ሰው የመረጠውን ቃል ሳይለውጥ ወደ መረጠው ቦታ የሚያደርሰው ነው፤ ሁለተኛው የመረጃ አገልግሎት ሲባል፣ መረጃን ለማግኘት፣ ለማከማቸትና ለመለወጥ የሚያስችለው ነው። የፊተኛው በ1934ቱ የአጓዦች ሕግ ይገዛል፤ የኋለኛው አይገዛም። ኢንተርኔትን ወደ ቤት የሚያስገባው ፈጣኑ መስመር ከሁለቱ የትኛው ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ዐዋጁ የሚመልሰው ቃል የለውም።

የአንድምታ መምህር አንዱን ኃይለ ቃል አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው ብሎ ሲያትት ሁለቱ ፍችዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ፣ አንዱም ሌላውን አይሽርም፤ የሕግ አንቀጽ ግን ሁለት ፍች ይዞ መኖር አይሆንለትምና፣ አንዱ ሲነግሥ ሌላው ይሰደዳል። ከዚህ በኋላ የምንተርከው ታሪክ የእነዚህ የሁለቱ ፍችዎች መንገሥና መሰደድ ነው።

በመጀመሪያ የነገሠው የመረጃ አገልግሎት የሚለው ነው። በ2002 በማይክል ፓወል የሚመራው ኮሚሽን፣ በቴሌቪዥን ኬብል የሚገባው ኢንተርኔት የመረጃ አገልግሎት ስለ ሆነ የአጓዦች ሕግ አይመለከተውም አለ። በሚከተለው ዓመት ቲም ዉ የተባለ ወጣት የሕግ መምህር፣ ባለመስመሩ ኩባንያ በመስመሩ ላይ በሚያልፉት አገልግሎቶች መካከል እንዳያዳላ የሚጠይቅ ጽሑፍ አወጣና የኢንተርኔት ገለልተኝነት የሚለውን ስም ሰጠው፤ ስሙም ከጽሑፉ ይልቅ ርቆ ሄደ። አደጋው የሐሳብ ብቻ አለመሆኑም ወዲያው ታየ፤ በ2005 ማዲሰን ሪቨር የተባለ የኖርዝ ካሮላይና የስልክ ኩባንያ፣ ደንበኞቹ በኢንተርኔት ርካሽ ስልክ እንዳይደውሉ መስመሩን ዘግቶ ተገኘና 15,000 ዶላር ከፍሎ እንዲከፍት ተደረገ። በዚያው ዓመት በጁን ወር የኬብሉ ነገር ብራንድ ኤክስ በተባለው ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ስድስቱ ዳኞች፣ አንቀጹ አሻሚ ስለ ሆነ ለኮሚሽኑ ፍች እንገዛለን ብለው ሲፈርዱ፣ ዳኛ አንቶኒን ስካልያ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ተቃወሙ፤ ፒዛ ቤት ፒዛውን ወደ ቤትህ ያደርስልህና ማድረስ ግን የእኔ አገልግሎት አይደለም ሊልህ ይችላልን ብለው ጠየቁ። የዳኞቹን ጽሑፍ ያነበበ ሰው፣ የአገሩ ታላላቅ ፈራጆች ስለ ፒዛ፣ ስለ መኪናና ስለ ሞተሩ፣ ስለ ቡችላና ስለ ማሰሪያው ገመድ ሲከራከሩ ያገኛቸዋል፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የፒዛው ምሳሌ ይበልጥ አሳምኖኛል።

ኩባንያዎቹ ፍርዱን ከሰሙ በኋላ የልባቸውን መናገር ጀመሩ። ኤ ቲ ኤንድ ቲን ለመግዛት በመጨረሻው ደረጃ ላይ የነበረው የስልክ ኩባንያ፣ የኤስ ቢ ሲ፣ አለቃ ኤድ ዊታከር፣ በ2005 መጨረሻ ለቢዝነስ ዊክ መጽሔት በሰጡት ቃል፣ እነ ጉግልና እነ ያሁ ቧንቧዎቼን በነጻ ሊጠቀሙባቸው ይፈልጋሉ፣ ይህን ግን አልፈቅድም አሉ። ቧንቧዎቼ ማለታቸውን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ። ይህ ንግግር ብዙዎችን አስቆጣ፤ ያሳቀው ሰው ግን አልነበረም።

በ2006 ነገሩ ወደ ኮንግረስ ገባ። ፌብሩዋሪ 7 ቀን፣ ኢንተርኔት የሚሠራበትን ሥርዐት ከቀረጹት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆኑት ቪንት ሰርፍ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የንግድ ኮሚቴ ፊት ቀርበው፣ ኢንተርኔት የዳበረው ማንም ማንንም ሳያስፈቅድ አዲስ ነገር ሊሠራበት ስለ ቻለ ነው ብለው መሰከሩ፤ እንግዲህ ኮሚቴው ዐዋቂ ሳያስረዳው ቀረ ሊባል አይችልም። በጁን ወር እንደራሴዎቹ፣ የማሳቹሴትሱ ኤድ ማርኪ ያቀረቡትን የገለልተኝነት ማሻሻያ በ269 ድምፅ ለ152 ጣሉት። ከዚያም ጁን 28 ቀን ተራው የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ኮሚቴ ሆነ፤ የኮሚቴውም ሊቀ መንበር የአላስካው ቴድ ስቲቨንስ ነበሩ።

ስለ እኚህ ሰው ጥቂት ልናገር። ስቲቨንስ በዚያን ጊዜ የ82 ዓመት አዛውንት ሲሆኑ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቻይና ሰማይ ላይ የማመላለሻ አውሮፕላን ያበረሩ፣ አላስካ ራሷን የቻለች ስቴት ትሆን ዘንድ የደከሙ፣ ከ1968 ጀምሮ በሴናተርነት የተቀመጡ፣ መንገድ በማይደርስባቸው የአላስካ መንደሮች ስልክ እንዲገባ ሲሟገቱ የኖሩ ሰው ናቸው። መልእክት ለሩቅ ሰው መድረሱ ምን ማለት እንደ ሆነ ከእሳቸው ይልቅ የሚያውቅ ሴናተር ብዙ አልነበረም። በዚያ ቀን ግን፣ የሜኑ ኦሊምፕያ ስኖውና የኖርዝ ዳኮታው ባይረን ዶርገን ያቀረቡትን የገለልተኝነት ማሻሻያ ለመቃወም ሲነሡ፣ ባለፈው ዓርብ ጧት ሠራተኞቼ አንድ ኢንተርኔት ላኩልኝ፣ የደረሰኝ ግን ትናንት ነው አሉ። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። የዘገየበትንም ምክንያት ሲገልጹ፣ ነጋዴዎቹ መስመሩን ስላጨናነቁት ነው አሉ፤ አስከትለውም ኢንተርኔት ዕቃ እንዳሻህ የምትጭንበት ትልቅ የጭነት መኪና እንዳልሆነ፣ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ቧንቧዎች እንደ ሆነ፣ ቧንቧዎቹም ሊሞሉ እንደሚችሉ፣ በሞሉም ጊዜ የአንተ መልእክት ከሌላው ሰው ብዙ ጭነት ኋላ ተሰልፎ እንደሚቆም አስረዱ። ማሻሻያው 11 ለ11 ድምፅ ስላገኘ ወደቀ።

የድምፃቸው ቅጂ በጥቂት ቀን ውስጥ በዓለም ተዳረሰ። ሙዚቃ ተደረገበት፤ በሸሚዝ ላይ ታተመ፤ ቀልደኛው ጆን ስቱዋርት በቴሌቪዥን ደጋግሞ አላገጠበት፤ ቧንቧ የሚለውም ቃል ዕውቀት ለጎደለው ሹም ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። እስኪ ግን ነገሩን ረጋ ብለን እንመልከተው። አንድ ኢሜይል ሲላክ ፓኬት ወደሚባሉ ቁራጮች ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱም ቁራጭ የላኪውንና የተቀባዩን አድራሻ በራሱ ላይ ተሸክሞ፣ ራውተር ከሚባለው መሣሪያ ወደ ሌላው ራውተር እየተሸጋገረ ይጓዛል፤ መስመሩ ሲጨናነቅ ቁራጮቹ በራውተሩ ዘንድ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ ሰልፉም ከልክ ሲያልፍ ትርፉ ይጣልና የላኪው ኮምፒዩተር ዳግመኛ ይልከዋል። እንግዲህ መስመሩ ስፋቱ የተወሰነ መሆኑንና መሙላቱን፣ በሞላም ጊዜ ወረፋ መኖሩን ሽማግሌው በትክክል ተናግረዋል፤ መሐንዲሶቹም እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ቧንቧ ይሉታል፤ ዊታከርም ብለውታል። የሳቱት በሌላው ላይ ነው። ያ ወረፋ በሰከንድ ሺኛ የሚቆጠር እንጂ ከዓርብ እስከ ማክሰኞ የሚያቆይ አይደለም፤ ኢሜይሉ አራት ቀን የቆየው በመንገድ ላይ ሳይሆን ከመንገዱ ጫፍ ባለ በአንድ የኢሜይል ሰርቨር ውስጥ መሆን አለበት፤ ያንንም ጉግል አላጨናነቀውም።

ሳቁ ግን ሕዝቡን አንድ ነገር አስረሳው። በ1934 ሕግ ያወጡት ሰዎች ስለ ስልክ ማዞሪያ አሠራር ምን ያህል ያውቁ ነበር? ከስቲቨንስ ብዙም የሚበልጥ አይመስለኝም፤ ነገር ግን ባለሽቦው ሊያዳላ ይገባዋልን ተብለው ሲጠየቁ አይገባውም ብለው ጻፉና ጨረሱ። ጥያቄው የሽቦ ጥያቄ ሳይሆን የፍትሕ ጥያቄ ነበርና፣ ለመመለስ የኮምፒዩተር ሊቅ መሆን አያሻም ነበር። በዚያ ቀን ከስቲቨንስ ጋር ድምፅ የሰጡት ሌሎቹ አሥሩ ሴናተሮች ስለ ቧንቧ አንድ ቃል ስላልተናገሩ ማንም ስማቸውን አያስታውስም።

ማሻሻያው የተጠየቀበት የስቲቨንስ ረቂቅ ሕግም ለጠቅላላው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ድምፅ ሳይቀርብ በዚያው ቀረ። እሳቸው በ2008 በወንጀል ተከስሰው ጥፋተኛ ተባሉ፤ ወዲያውም ምርጫ ተሸነፉ፤ በሚከተለው ዓመት ዐቃብያነ ሕጉ ማስረጃ መደበቃቸው ስለ ታወቀ ፍርዱ ተሻረላቸው፤ በኦገስት 2010 አላስካ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ።

በ2007 ደግሞ በኦሪገን የሚኖር አንድ የኮምፒዩተር መሐንዲስ፣ ባለቤት የሌላቸውን የጥንት ዘፈኖች ቢትቶረንት በሚባለው መንገድ ከመሰሎቹ ጋር ሊካፈል ሲሞክር፣ ግንኙነቱ በየጊዜው ያለ ምክንያት ሲቋረጥበት ተመለከተ። አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪል በኦክቶበር ወር ነገሩን ራሱ ሊፈትን ቢያስብ፣ ማንም የእኔ ነው የማይለውን መጽሐፍ መረጠ፤ መጽሐፉም በንጉሥ ጄምስ ዘመን የተተረጐመው መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። መጽሐፍ ቅዱሱም ኮምካስት በተባለው የኬብል ኩባንያ መስመር ላይ እንዳያልፍ ተደረገ። አደራረጉ ይህን ይመስላል፤ ሁለት ኮምፒዩተሮች ሲነጋገሩ ኮምካስት በመካከላቸው ገብቶ፣ ለአንዱ በሌላው ስም፣ ለሌላውም በዚያኛው ስም፣ ንግግራችን ይቋረጥ የሚል የሐሰት ፓኬት ይልክላቸው ነበር፤ ሁለቱም ባልንጀራዬ ዘጋብኝ ብለው ይለያያሉ። ፖስተኛ በሰው ስም ደብዳቤ ቢጽፍ በየትኛውም አገር ሕግ ይቀጣል።

ኮሚሽኑ ስለዚሁ ጉዳይ በፌብሩዋሪ 2008 በሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት የአደባባይ ጉባኤ ባደረገ ጊዜ፣ አዳራሹ ሞልቶ ብዙ ሰው በውጭ ሲቀር፣ በውስጥ ከተቀመጡት አንዳንዶቹ ሲያንቀላፉ ታዩ፤ ኋላም ኮምካስት ቦታ እንዲይዙለት ገንዘብ ከፍሎ ያቆማቸው ሰዎች እንደ ነበሩ አመነ። በኦገስት ወር ሪፐብሊካኑ ሊቀ መንበር ኬቨን ማርቲን ከሁለቱ ዲሞክራቶች ጋር ሆነው ኩባንያውን በ3 ድምፅ ለ2 ገሠጹት። ግሣጼው ግን ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ በኤፕሪል 2010 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ ኮሚሽኑ ይህን ለማዘዝ ሥልጣን የሚሰጠው ሕግ ሊያሳይ አልቻለም ብሎ ሻረው። በዚያው ዓመት መጨረሻ በጁልየስ ጀናካውስኪ የሚመራው ኮሚሽን አዲስ ደንብ ጻፈ፤ የስልክ ኩባንያው ቬራይዘን ከሰሰ፤ በጃንዋሪ 2014 ዳኛ ዴቪድ ቴተል በጻፉት ፍርድ ዋናው ደንብ ወደቀ። ምክንያታቸውም፣ ኩባንያዎቹን አጓዦች አይደሉም ብላችሁ ስታበቁ የአጓዥን ግዴታ ልትጭኑባቸው አትችሉም የሚል ነበር፤ ይህንንም የሚሰማ ጆሮ ላለው፣ አጓዦች ናቸው በሉና ጫኑባቸው የሚል ምክር በውስጡ አለበት።

አዲሱ ሊቀ መንበር ቶም ዊለር ምክሩን ለመስማት አልቸኮሉም። እሳቸው ቀድሞ የኬብልና የሞባይል ስልክ ኩባንያዎች ማኅበራት አለቃ የነበሩ ሰው ናቸውና፣ በሜይ ወር ያቀረቡት ረቂቅ ለከፈለ ሰው ፈጣን መስመር ለመሸጥ ቀዳዳ የሚተው ሆኖ ተገኘ። በጁን 1 ቀን ጆን ኦሊቨር የተባለው እንግሊዛዊ ቀልደኛ በቴሌቪዥን፣ የዊለርን መሾም ዲንጎ የሚባለውን የአውስትራሊያ የዱር ውሻ ሕፃን ጠባቂ ከማድረግ ጋር አስተያይቶ፣ ተመልካቾቹ አስተያየታቸውን ለኮሚሽኑ እንዲጽፉ ጠየቀ፤ ጽሑፉም ጐርፎ የመሥሪያ ቤቱን መቀበያ አስተጓጐለው። ሊቀ መንበሩም በጋዜጠኞች ፊት፣ እኔ ዲንጎ አይደለሁም የሚል ቃል ለመስጠት ተገደዱ። እስከ ሴፕቴምበር 3.7 ሚሊዮን ያህል አስተያየት ገባ። በኖቬምበር ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ኮሚሽኑ ሁለተኛውን ክፍል እንዲጠቀም ሲጠይቁ፣ የቴክሳሱ ሴናተር ቴድ ክሩዝ ይህ ለኢንተርኔት የታሰበ ኦባማኬር ነው ብለው ከኦባማ የጤና መድን ሕግ ጋር አመሳሰሉት፤ በዚህም ቃል፣ ስለ አጓዦች የነበረው ጥያቄ የፓርቲዎች ጠብ ሆኖ ዐረፈው። ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2015 ያው ዊለር የቀድሞ አሠሪዎቻቸውን አሳዝነው፣ በ3 ድምፅ ለ2 ብሮድባንድ የሚባለውን ፈጣን የኢንተርኔት መስመር በ1934ቱ ሕግ ሥር አስገቡት፤ ይግባኝ ሰሚውም ፍርድ ቤት በሚከተለው ዓመት አጸናው። የተሰደደው ፍች ተመልሶ ነገሠ።

ዕድሜው ግን አጭር ነበር። በ2017 ዶናልድ ትራምፕ ሊቀ መንበር አድርገው የሾሙት፣ ቀድሞ የቬራይዘን ጠበቃ የነበሩት አጂት ፓይ፣ ደንቡን ለመሻር የሕዝብ አስተያየት ሲጠይቁ 22 ሚሊዮን ያህል ጽሑፍ ገባ። ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ መሥሪያ ቤት ደንብ ላይ ከተናገረ፣ ዲሞክራሲ እጅግ በረታ ሊባል ነው፤ ዳሩ ግን የኒው ዮርክ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ በ2021 የምርመራውን ውጤት ሲያወጣ፣ 18 ሚሊዮን የሚጠጋው ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ። ከዚህም 8.5 ሚሊዮን ያህሉ ደንቡ እንዲሻር በኢንተርኔት አቅራቢ ኩባንያዎች ገንዘብ የተሰበሰበና ሳያውቁ ስማቸው በተወሰደ ሰዎች የተሞላ ነበር፤ 7.7 ሚሊዮን ያህሉ ደግሞ ደንቡ እንዲጸና የ19 ዓመት የካሊፎርኒያ ተማሪ፣ ኮምፒዩተሩን በፈጠራ ስሞች እያስጻፈ የላከው ነበር። የሞቱ ሰዎች ስም ሳይቀር በአስተያየት ሰጪነት ተገኝቷል። ዲሴምበር 14 ቀን ፓይ ንግግር ሲያደርጉ አደጋ ያሠጋል ተብሎ አዳራሹ ለጥቂት ጊዜ ባዶ ተደረገና ተፈተሸ፤ ከዚያም ተመልሰው በ3 ድምፅ ለ2 ሻሩት።

በሜይ 2018 የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሽረቱን ለመሻር በ52 ድምፅ ለ47 ወሰነ፤ ከፓርቲያቸው ተለይተው ከደገፉት ሦስት ሪፐብሊካኖች አንዷ የስቲቨንስ አገር የአላስካ ሴናተር ሊሳ መርኮውስኪ ነበሩ። የእንደራሴዎች ምክር ቤት ግን ነገሩን ለድምፅ ሳያቀርበው ዓመቱ አለቀ። ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በኤፕሪል፣ የፌስቡኩ ማርክ ዙከርበርግ በሴናተሮች ፊት ቀርቦ ሳለ፣ የ84 ዓመቱ ኦሪን ሃች ሰው የማይከፍልበት ሥራ እንዴት ይቆማል ብለው ቢጠይቁት፣ ማስታወቂያ እናወጣለን ሲል መለሰና አገሩ እንደ ገና ሳቀ። ዐውቀው ነው የጠየቁት የሚሉም አሉ።

ከዋሺንግተን ተስፋ የቆረጡት ስቴቶች የየራሳቸውን ሕግ ማውጣት ጀመሩ፤ ከእነርሱም ጠንካራውን የካሊፎርኒያው ገዢ ጄሪ ብራውን በሴፕቴምበር 2018 ፈረሙት። ኩባንያዎቹ ከሰሱ፤ በ2022 ተረቱ።

የጆ ባይደን ሹማምንት የ2015ቱን ፍች ለመመለስ አስበው፣ አምስተኛው ወንበር ከሁለት ዓመት በላይ ባዶ ሆኖ ኮሚሽኑ ሁለት ለሁለት ተፋጥጦ ከቆየ በኋላ፣ ኤፕሪል 25 ቀን 2024 በጄሲካ ሮዘንወርሰል ሊቀ መንበርነት እንደ ልማዱ በ3 ድምፅ ለ2 መለሱት። ሁለት ወር ቆይቶ ግን ከማይታሰብበት አቅጣጫ አንድ ነገር መጣ። ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች በመርከባቸው ላይ ለሚቀመጠው የመንግሥት ተቆጣጣሪ አበል አንከፍልም ብለው ባነሡት ክስ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ አሻሚ የሆነ ሕግ ሲያጋጥም ዳኞች ለመሥሪያ ቤቱ ፍች ይገዙ የሚለውን የ40 ዓመት ሥርዐት አፈረሰው። ብራንድ ኤክስ የቆመው በዚያ ሥርዐት ላይ ነበር፤ የ2016ቱም ፍርድ እንዲሁ። ዕለቱ ጁን 28 ሲሆን፣ ስቲቨንስ ስለ ቧንቧ ከተናገሩ ልክ 18 ዓመት ሆነው። ከዚያ በኋላ ጃንዋሪ 2 ቀን 2025 በሲንሲናቲ የሚያስችለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የ1996ቱን አንቀጽ ለራሱ አንብቦ፣ ብሮድባንድ የመረጃ አገልግሎት ነው ብሎ በየነና ደንቡን ሻረው። ሊቀ መንበር ሮዘንወርሰልም በዚያው ቀን፣ ኮንግረስ የኢንተርኔትን ክፍትነት በሕግ እንዲጽፈው ጠየቁ። ከ18 ቀን በኋላ መንበሩን የያዙት ብሬንደን ካር፣ በ2024 ደንቡን ተቃውመው ድምፅ ከሰጡት ከሁለቱ አንዱ ናቸው።

የካሊፎርኒያው ሕግ ግን ይሠራል። በታሆ ሐይቅ ዳር ድንበር ብቻ ከሚለያቸው ሁለት ከተሞች፣ በካሊፎርኒያ በኩል ሳውዝ ሌክ ታሆ ለሚኖረው ሰው ኩባንያው መልእክቱን መርጦ እንዳያዘገይበት በሕግ ተከልክሏል፤ በኔቫዳ በኩል ስቴትላይን ለሚኖረው ጎረቤቱ ግን፣ ኩባንያው በገዛ ፈቃዱ ከገባለት ቃል በቀር የሚጠብቀው የገለልተኝነት ሕግ የለም።